በጥላ ሥር ያለ ሀብት፤ የቡና ደንና የዘር ልዩነቱ ታሪክ

አንድ ሰው ወደ ደን ገብቶ ዛፍ ቢቈጥር የዛፉን ብዛት ያውቃል፤ የዛፉን ባሕርይ ግን በቍጥር አያገኘውም። ሁለት ዛፎች በቅጠላቸው፣ በቁመታቸውና በፍሬያቸው አንድ መስለው ጎን ለጎን ቆመው ሳለ፣ አንደኛው በሽታ ሲመጣ የሚጠፋ፣ ሁለተኛው ግን በሽታውን ችሎ የሚኖር ሊሆን ይችላል። ይህ ልዩነት በዘራቸው ውስጥ ተሰውሮ ስለሚኖር ዓይን አያየውም፤ የችግር ቀን እስኪደርስ ድረስም ማንም አያስታውሰውም። ብዙ መንግሥታት ደናቸውን በስፋቱና በእንጨቱ ዋጋ ብቻ ሲገምቱ ረጅም ዘመን አሳልፈዋል። በአንድ ዓይነት ዛፍ ውስጥ የሚገኘው የዘር ልዩነት ግን በሒሳባቸው መዝገብ ውስጥ ገብቶ አያውቅም ነበር።

ይህ ሒሳብ ምን ያህል ጉድለት እንደ ነበረበት የቡና ታሪክ በግልጽ ያስረዳል። ቡና በአፍሪካ ቀንድ ተራሮች ላይ ከትልልቅ ዛፎች ጥላ ሥር በቅሎ፣ ከዚያ ወጥቶ ዓለምን የዞረ ተክል ነው። በዞረበት አገር ሁሉ ብዙ ብልጽግና አምጥቷል፤ ነገር ግን የተሰደደው ዘር ጥቂት ስለ ነበረ በበሽታ በተመታ ጊዜ ራሱን የሚከላከልበት ኀይል አልነበረውም። መድኃኒቱም በኋላ የተገኘው ዛፉ በተወለደበት ደን ውስጥ ነው። ቀጥሎ የሚቀርበው የዚህ ጉዞ ታሪክ ነው፤ ዓመታቱም ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ተሰጥተዋል።

የዛፉ አገር

ስዊድናዊው የዕፀዋት ሊቅ ካርል ሊኒየስ በ1753 ለቡና «ኮፊያ አራቢካ» የሚል ስም ሲያወጣለት የዐረብ አገር ተክል መስሎት ነበር። በአውሮፓ የታወቀው ቡና ከየመን የወጣው ብቻ ስለ ነበረ ስሕተቱ አያስደንቅም። ስሙ እስከ ዛሬ ጸንቶ ይኑር እንጂ፣ የዛፉ የትውልድ አገር የኢትዮጵያ ደቡብ ምዕራብ ደኖች ናቸው። ከእነዚህም ጋር ዛሬ በደቡብ ሱዳን ግዛት የሚገኘው የቦማ አምባና በሰሜን ኬንያ ያለው የማርሳቢት ተራራ ደን አብረው ይጠቀሳሉ።

በከፋ፣ በሸካ፣ በቤንች፣ በኢሉባቦርና በባሌው የሐረና ደን ውስጥ ቡና ማንም ሳይተክለው ይበቅላል። ከባሕር ወለል በላይ ከ1,000 እስከ 2,000 ሜትር ከፍታ ባለው ርጥብ ምድር ቀረሮው፣ ዋንዛው፣ ሰሳውና ብሳናው ከላይ ጥላቸውን ሲዘረጉ፣ እርሱ ከሥራቸው ቀጠን ብሎ ቆሞ ይኖራል። ጦጣዎችና ወፎች ቀዩን ፍሬ እየበሉ ዘሩን ይበትኑታል። የአካባቢው ሕዝብም ማሩንና ኮረሪማውን ከደኑ እንደሚያገኝ ሁሉ ቡናውንም ከደኑ እየለቀመ ኖሯል። በአካባቢው የኖረው ልማድና ሕዝቡ ለደኑ የነበረው አክብሮት ደኑ እንዲቆይ ምክንያት ከሆኑት ነገሮች አንዱ ነው።

የዘር ጥናት ስለዚህ ዛፍ ጥንተ ልደት አንድ የሚያስደንቅ ነገር ገልጧል። የአራቢካ ቡና ከ600 ሺህ ዓመት በፊት ከሁለት ሌሎች የቡና ዓይነቶች መዳቀል የተገኘ ነው። ከወላጆቹ አንደኛው ሮቡስታ በሚለው ስም የሚታወቀው ሲሆን፣ ሁለተኛው በምሥራቅ አፍሪካ የሚበቅለው ዩጀኒዮይደስ የተባለው ነው። ሌሎቹ የቡና ዓይነቶች 22 ክሮሞሶም ሲኖራቸው አራቢካ ከሁለቱም ወላጆቹ ወርሶ 44 አለው። ከእንዲህ ያለ ጠባብ በር ያለፈ ተክል የዘር ልዩነቱ ከመጀመሪያው ጥቂት መሆኑ የማይቀር ነው። ከዚህም ሌላ አበባው አብዛኛውን ጊዜ በራሱ ብናኝ ስለሚፀንስ ልጁ እናቱን ይመስላል። ስለዚህም በአንድ ሸለቆ የተወለደው ቡና የዚያን ሸለቆ ጠባይ ይዞ ይኖራል፤ ከወንዙ ማዶ ያለው ደግሞ የራሱን ይዞ ይኖራል። የአንዱ ደን መጥፋት በሌላው ደን መኖር የማይካሰውም በዚህ ምክንያት ነው።

የጥቂት ዘር ጉዞ

ቡና ቀይ ባሕርን ተሻግሮ የመን ከገባ በኋላ፣ በ15ኛው መቶ ዓመት ሱፊዎች ለሌሊት ጸሎት መንቂያ ይጠጡት እንደ ነበረ ይታወቃል። የየመን ገበሬዎች በተራራው ወገብ ላይ እርከን እየሠሩ አለሙት፤ ሞካ የተባለው ወደብም የዓለም የቡና ገበያ ሆነ። ወደ የመን የገባው ዘር በኢትዮጵያ ደን ውስጥ ካለው ሲነጻጸር ጥቂት ነበረ። ከየመን የወጣው ደግሞ ከዚያም ያነሰ ነው።

በ17ኛው መቶ ዓመት መጨረሻ ሆላንዶች ዘሩን ወደ ጃቫ ደሴት ወሰዱት። በ1706 ከጃቫ የተላከ የቡና ተክል አምስተርዳም ደርሶ በዕፀዋት መጠበቂያ ውስጥ ተተከለ። በ1714 የአምስተርዳም ሹማምንት ከዚሁ ዘር የበቀለ አንድ ተክል ለፈረንሳዩ ንጉሥ ለሉዊ 14ኛ በስጦታ አበረከቱ። ጥቂት ዓመታት ቈይቶም ጋብርኤል ደ ክሊዮ የተባለ የፈረንሳይ መኰንን በ1720ዎቹ ከፓሪስ ያገኘውን ችግኝ በመርከብ ጭኖ ማርቲኒክ ወደ ተባለችው የካሪብ ደሴት አደረሰ። በ1727 ደግሞ ቡና ከፈረንሳይ ጊያና ወደ ብራዚል ገባ። ፈረንሳዮች በሌላ በኩል በ1715 እና በ1718 ከየመን ያመጡትን ዘር በሕንድ ውቅያኖስ በምትገኘው በቡርቦን ደሴት አልምተው ነበር። ከአምስተርዳሙ መስመር የወጣው ዘር ቲፒካ፣ ከደሴቲቱ የወጣውም ቡርቦን እየተባለ ይጠራል።

በላቲን አሜሪካ ሰፊ እርሻዎች ላይ ለሁለት መቶ ዓመት ያህል የተተከለው የአራቢካ ቡና አብዛኛው የእነዚህ የሁለቱ መስመሮች ልጅ ነው። ሚሊዮን ዛፎች ተራራና ሸለቆ ሞልተው ቢታዩም፣ በዘራቸው ሲመረመሩ ከትልቅ ጐተራ በአንዲት እፍኝ ወጥቶ እንደ ተባዛ እህል ነበሩ። ጐተራው ራሱ በደቡብ ምዕራብ ኢትዮጵያ ደን ውስጥ ቀርቷል። በእጅ የያዙት ወርቅ ከመዳብ ይቈጠራል እንደሚባለው፣ ጐተራው ያለው አገርም ቢሆን ዋጋውን ያወቀው ዘግይቶ ነው።

መመሳሰል ያመጣው ቅጣት

በ1869 በሴይሎን፣ በዛሬዋ ስሪ ላንካ፣ በቡና ቅጠል ጀርባ ላይ ብርቱካን መልክ ያለው አቧራ የመሰለ ነገር ታየ። ይህ ፈንገስ የተባለው ሻጋታ የሚያመጣው የቡና ቅጠል ዝገት ነው። በሽታው ያገኘው ዛፍ ቅጠሉን አራግፎ ይደክማል፤ እየደጋገመ ሲያገኘውም ይደርቃል። ሴይሎን በዚያን ጊዜ ከዓለም ታላላቅ የቡና አምራቾች አንዷ ነበረች። ዛፎቹ ሁሉ በዘር የተቀራረቡ በመሆናቸው አንዱን የጣለው በሽታ ሌላውንም ጣለ። በሃያ ዓመት ጊዜ ውስጥ የቡናው እርሻ ፈርሶ በምትኩ ሻይ ተተከለ። የሴይሎን ሻይ ዝናው በዓለም የተሰማው የቡናው ውድቀት በተወው መሬት ላይ ነው። በሽታው በእስያና በአፍሪካ ከተስፋፋ በኋላ በ1970 ብራዚል ደረሰ።

ለዝገቱ መከላከያ ሆኖ ብዙ አገልግሎት የሰጠው ዘር የተገኘውም ከልዩነት ነው። በ1927 በቲሞር ደሴት በታመመ እርሻ መካከል ጤነኛ ሆኖ የቆመ አንድ ዛፍ ታየ። ሲመረመርም አራቢካና ሮቡስታ ሰው ሳይገባበት ተዳቅለው የወለዱት ሆኖ ተገኘ። በኋላ ዝገትን እንዲችሉ ከተዳቀሉት የቡና ዘሮች ብዙዎቹ ከዚህ ዛፍ የሚወለዱ ናቸው።

ሁለተኛው ቅጣት የመጣው ከምሥራቅ አፍሪካ ነው። በ1922 በምዕራብ ኬንያ ቅጠሉን ትቶ አረንጓዴውን ፍሬ የሚያጠቃ አዲስ በሽታ ታየ። ፍሬው ላይ ጥቁር ነቍጥ ይወጣል፤ ነቍጡም እየሰፋ ሄዶ ውስጡን ያበሰብሰዋል፤ ፍሬው ጠቁሮ ይደርቃል ወይም ይረግፋል። የቡና ፍሬ በሽታ የተባለው ይህ ተውሳክ ይልቁንም ዝናብ የሚበዛበትንና ቀዝቀዝ የሚለውን ደጋ ይወዳል። በኬንያ የነበሩት ባለ ሰፊ እርሻዎች መዳብ ያለበትን መድኃኒት በዓመት ብዙ ጊዜ እየረጩ ይከላከሉት ጀመር፤ ወጪው ግን ከባድ ነበረ።

እዚህ ላይ የቦማ አምባ ደን ታሪክ ይገባል። በ1941 ቶማስ የተባለ በኡጋንዳ ይሠራ የነበረ የእርሻ ባለሞያ ወደዚያ አምባ ወጥቶ የደን ቡናውን አይቶ ስለ እርሱ ጻፈ። ከአምባው የተገኘው «ሩሜ ሱዳን» የተባለው ዘር ምርቱ አነስተኛ ስለ ሆነ ለእርሻ የሚመረጥ አልነበረም። ነገር ግን የፍሬውን በሽታ የሚችል ሆኖ ተገኘ። የኬንያ አዳቃዮች ከብዙ ዓመት ድካም በኋላ በ1980ዎቹ «ሩይሩ 11» የተባለውን ዘር ለገበሬ ሲያቀርቡ፣ ከወላጆቹ አንዱ ይኸው የቦማ ቡና ነበረ። ማንም የማይፈልገው የሩቅ ደን ዛፍ ለጎረቤት አገር ገበሬ መዳኛ ሆነ።

በ1971 የደረሰው ፈተና

የፍሬው በሽታ ኢትዮጵያ መግባቱ የታወቀው በ1971 ነው። በጥቂት ዓመታት ውስጥም ወደ አብዛኛው የቡና አገር ተዛመተ። በዚያን ዘመን አገሪቱ ወደ ውጭ ልካ ከምታገኘው ገንዘብ ከግማሽ የሚበልጠው ከቡና የሚገኝ ነበር። ቡናውንም የሚያለማው ባለ ትንሽ ማሳ ገበሬ ስለ ነበረ መድኃኒት የሚገዛበት ገንዘብ፣ የሚረጭበትም መሣሪያ አልነበረውም። በደን ውስጥ ከትልልቅ ዛፎች ሥር ተበታትኖ ለሚገኘው ቡና ደግሞ መድኃኒት መርጨት የማይታሰብ ነገር ነበር። ርጥበት በሚበዛባቸው አንዳንድ ቦታዎች የዓመቱ ፍሬ ከሞላ ጐደል ጠፋ።

በጅማ አጠገብ በመልኮ የሚገኘው የምርምር ጣቢያ ሥራውን የጀመረው በ1967 ነበር። የጣቢያው ባለሞያዎችና ከእነርሱ ጋር የሠሩት የውጭ አገር ሊቃውንት በሽታው በበረታበት ማሳና ደን ውስጥ እየተዘዋወሩ አንድ ነገር ብቻ ይፈልጉ ነበር። ይኸውም ጎረቤቶቹ ሁሉ ፍሬያቸው ጠቁሮ ሳለ ፍሬው ያልተነካ ዛፍ ነው። እንዲህ ያለ ዛፍ በተገኘ ቍጥር ምልክት ተደረገበት፤ ዘሩም ተለቀመ። ከዘሩ በበቀለው ገና ለጋ በሆነ ችግኝ ግንድ ላይ የበሽታውን ዘር በውኃ በጥብጠው ረጩበት፤ ችግኙ ሲታመምና ሲተርፍ እያዩም መረጡ። አንድ ዛፍ በአጋጣሚ ከበሽታ ያመለጠ ወይም በእውነት በሽታን የሚችል መሆኑ በዚህ መንገድ ተለየ።

ከምርጫው የወጡት ዘሮች ዛሬም በገበሬው ማሳ ይገኛሉ። 74110፣ 74112፣ 74140 እና 74165 የተባሉት በኢሉባቦር ከመቱ አካባቢ የተመረጡ ናቸው፤ 741 የተባለውም ከጅማ ወገን የተገኘ ነው። ቍጥሩ ራሱ ታሪክ ይናገራል፤ መጀመሪያ ያሉት ሁለት አኃዞች ዛፉ የተመረጠበትን የ1974ን ዓመት ያመለክታሉ። በሽታው በታወቀ በሦስት ዓመት ውስጥ ተመርጠው፣ 1970ዎቹ ሳያልቁ ለገበሬ መሰጠት ጀመሩ። አንድ ዘር በማዳቀል ለማግኘት ሃያና ሠላሳ ዓመት በሚጠይቅ ተክል ላይ ይህ እጅግ ፈጣን ሥራ ነው።

የፍጥነቱ ምክንያት የባለሞያዎቹ ትጋት ብቻ አይደለም። ባለሞያዎቹ የፈለጉት ነገር በደኑ ውስጥ ቀድሞ ተዘጋጅቶ ስለ ቆያቸው ነው። የኢትዮጵያ ቡና እንደ ሴይሎን ቡና ከአንዲት እፍኝ የተባዛ ቢሆን ኖሮ፣ ያው ትጋት ከደን ደን ሲዞር ከርሞ ባዶ እጁን በተመለሰ ነበር።

የተበተነው ዘር

ስለ ዘር ልዩነት ዋጋ አስቀድመው የተረዱ ሊቃውንት አልጠፉም። የሩሲያው ሊቅ ኒኮላይ ቫቪሎቭ በ1927 ወደ ኢትዮጵያ መጥቶ የእህል ዘር ከሰበሰበ በኋላ አገሪቱን ከዓለም የሰብል ምንጮች አንዷ አድርጎ ቈጠራት። በ1950ዎቹ መጀመሪያ ፒየር ሲልቫን የተባለ ባለሞያ የኢትዮጵያን ቡና እየተዘዋወረ መርምሮ ያየውን አሳተመ። በ1964 እና በ1965 የተባበሩት መንግሥታት የምግብና የእርሻ ድርጅት የላከው ቡድን፣ በ1966ም የፈረንሳይ ተመራማሪዎች ቡድን፣ ከብዙ ቦታ ዘር ለቅመዋል። ከተለቀመውም ዘር በኮስታ ሪካ ቱሪያልባ ወደሚገኘው ጣቢያና ወደ ሌሎች አገሮች ተልኮ ተተክሏል።

ይህ መበተን ሁለት ገጽ አለው። በአንድ በኩል፣ ደኑ በተመነጠረበት ቦታ የነበረ ዘር በሌላ አገር ተጠብቆ መቈየቱ ለሰው ልጅ ሁሉ ጥቅም ነው። በሌላ በኩል፣ ዘሩን በልማዱና በድካሙ ጠብቆ ያቆየው ሕዝብ ከጥቅሙ ሳይካፈል የሚቀርበት መንገድ ተከፍቷል። በ2004 የብራዚል ተመራማሪዎች ከኢትዮጵያ በተወሰደው ዘር ልጆች መካከል ካፌን ከሞላ ጐደል የሌለባቸው ዛፎች ማግኘታቸውን ሲያስታውቁ፣ የዘሩ ባለቤት ማን ነው የሚለው ጥያቄ በኢትዮጵያ በብርቱ ተነሣ። ዘሩ ከአገር በወጣበት ጊዜ ይህን የሚወስን ሕግ አልነበረም። የብዝኀ ሕይወት ዓለም አቀፍ ስምምነት የተዘጋጀው በ1992 ሲሆን ኢትዮጵያ በ1994 ተቀብላዋለች። በ2006 የወጣው አዋጅ ቍጥር 482 ደግሞ ማንም ሰው ዘርን ለምርምርና ለጥቅም ሲወስድ አስቀድሞ ፈቃድ እንዲጠይቅ፣ ከሚገኘውም ጥቅም ለሕዝቡ እንዲያካፍል ያዝዛል።

በጐተራ የማይቀመጥ ዘር

ስንዴና ገብስ ደርቀው በቀዝቃዛ ቤት ቢቀመጡ ለብዙ ዓመታት መብቀል ይችላሉ። የቡና ዘር ግን እንዲህ ያለውን ድርቀትና ብርድ አይችልም፤ ጥቂት ከቆየም የመብቀል ኀይሉን ያጣል። ስለዚህ ቡናን መጠበቅ የሚቻለው ሕያው ዛፍ አድርጎ በማኖር ነው። በ1976 በአዲስ አበባ የተቋቋመው የዕፀዋት ዘር ማዕከል ይህን ሥራ ከጀመሩት አንዱ ነው። ማዕከሉን ለብዙ ዓመታት የመሩት ዶክተር መላኩ ወረደ፣ ዘር በማቀዝቀዣ ቤት ብቻ ሳይሆን በገበሬው ማሳ ላይ ጭምር ሊጠበቅ ይገባዋል በሚለው ሥራቸው በ1989 የራይት ላይቭሊሁድ ሽልማትን ተቀብለዋል። በጅማ አካባቢ በጮጬ የሚገኘው የቡና ዘር መጠበቂያ መስክም ከየቦታው የተሰበሰቡ ከ5 ሺህ የሚበልጡ ናሙናዎችን ሕያው ዛፍ አድርጎ ይዟል።

እንዲህ ያለው መስክ ታላቅ ሀብት ቢሆንም ደንን አይተካም። መስኩ ያለ ማቋረጥ ጉልበትና ገንዘብ ይጠይቃል፤ በሽታ ወይም እሳት ከገባበትም በአንድ ዓመት ብዙ ሊያሳጣ ይችላል። ከሁሉ በላይ ደግሞ በመስክ የተተከለው ናሙና በተሰበሰበበት ቀን እንደ ነበረ ይቆማል። በደን ውስጥ ያለው ቡና ግን በየትውልዱ ከአዲስ በሽታና ከአዲስ የአየር ጠባይ ጋር ይታገላል፤ የቻለው ይተርፋል፤ ያልቻለው ይወድቃል። ያለፈውን የሚጠብቀው መስኩ ሲሆን የሚመጣውን የሚያዘጋጀው ደኑ ነው።

ይህን በመረዳት የቡና ደኖችን በስፍራቸው ለመጠበቅ ብዙ ጥረት ተደርጓል። የከፋና የያዩ ደኖች በ2010፣ የሸካም ደን በ2012 በዩኔስኮ የባዮስፌር ጥብቅ ስፍራዎች መዝገብ ውስጥ ገብተዋል። የከፋው ስፍራ ወደ 760 ሺህ ሄክታር፣ የያዩው ወደ 167 ሺህ ሄክታር ይሰፋል። በእንዲህ ያለው ስፍራ ማዕከሉ እንዳይነካ ይከለላል፤ በዙሪያው ባለው ክልል በልክ መጠቀም ይፈቀዳል፤ በውጭኛው ክልል ደግሞ ሕዝቡ እያረሰና እያለማ ይኖራል።

ልዩነትን መቍጠር

ደን መከለሉ ብቻ ግን ዘሩ ለመጠበቁ ማረጋገጫ አይሆንም። በወረቀት ላይ የተከለለ ደን በውስጡ ሊደኸይ ይችላልና፣ የዘሩ ልዩነት በየጊዜው መታየትና መመዝገብ አለበት። ይህም ሥራ ሦስት ጥያቄዎችን ይመልሳል። የመጀመሪያው፣ ከትልልቆቹ ዛፎች ሥር ነገ የሚተኩ ቡቃያዎች አሉን የሚል ነው። ለዚህ በደኑ ውስጥ ቦታዎች ተለክተው ምልክት ይደረግባቸዋል፤ በተወሰነ ዓመትም ዛፉም ቡቃያውም እንደ ገና ይቈጠራል። ሁለተኛው፣ በዛፎቹ መካከል ያለው ልዩነት እየሰፋ ነው ወይስ እየጠበበ የሚል ነው። ይህ የሚታወቀው ከየዛፉ ቅጠል ተወስዶ ዘረ መሉ ሲመረመር ነው። ሦስተኛው፣ ከውጭ የገባ ዘር ከደኑ ዘር ጋር እየተቀላቀለ ነው ወይ የሚል ነው።

የመጀመሪያው ጥያቄ የሚያሳስበው የደን ቡና አያያዝ ስለሚለወጥ ነው። ገበሬው ምርት እንዲበዛለት ከቡናው በላይ ያለውን ጥላ ያሳሳል፤ ከሥር ያለውንም ቍጥቋጦ ይመነጥራል። ቡናው ያፈራል፤ ነገር ግን በምንጣሮው ጊዜ የዋንዛውና የቀረሮው ቡቃያ አብሮ ይቈረጣል። ከሠላሳና ከአርባ ዓመት በኋላ አሮጌዎቹ ዛፎች ሲወድቁ የሚተካቸው አይኖርም። ቡናው እየበዛ ሳለ ደኑ ያረጃል ማለት ነው።

ሦስተኛው ጥያቄ ደግሞ ከሁሉ የበለጠ ማስተዋል የሚጠይቅ ነው። በ1974 ከደን የተመረጡት ዘሮች በችግኝ ጣቢያ እየተባዙ ለገበሬ ሲሰጡ፣ ብዙዎቹ ወደ ደኑ ዳርና ወደ ደኑ ውስጥ ተመልሰው ተተክለዋል። ቡና በአብዛኛው በራሱ ቢፀንስም ንቦች ከአንዱ ወደ ሌላው የሚያሻግሩት ብናኝ አለ። ስለዚህ በብዙ ሺህ የሚቈጠሩ ተመሳሳይ ዛፎች ከደኑ ዘር ጋር ይዳቀላሉ፤ በቦታቸውም እየገቡ ያፈናቅሉታል። ገበሬውን ከበሽታ ያዳነው ዘር ያለ ገደብ ከተስፋፋ የወጣበትን ጐተራ ያጠብበዋል። ጥፋቱ የክፉ ሐሳብ ውጤት ሳይሆን የመልካም ሥራ ትርፍ ያለ ጥንቃቄ ሲያዝ የሚመጣ ነው። የተሻለው ዘር በማሳና በጓሮ፣ የደኑ ዘር በደኑ ውስጥ እንዲኖር ድንበር ማበጀት የሚያስፈልገውም ስለዚህ ነው።

ጊዜውም ብዙ የሚያቆይ አይደለም። በእንግሊዝ አገር የሚገኘው የኪው የዕፀዋት ተቋም ባለሞያዎች ከኢትዮጵያውያን ጋር ሆነው በ2012 ባወጡት ጥናት፣ የአየር ጠባይ መለወጥ ለደን ቡና ከሚስማሙት ስፍራዎች በ2080 ገደማ ቢያንስ 65 ከመቶ የሚሆኑትን ሊያሳጣ እንደሚችል ገምተዋል። በ2019 የወጣ ሌላ ጥናትም ከታወቁት 124 የቡና ዓይነቶች 60 ከመቶ የሚሆኑት የመጥፋት አደጋ እንዳለባቸው ገልጧል። የተባበሩት መንግሥታት የምግብና የእርሻ ድርጅት በ2014 የዓለምን የደን ዘር ሀብት ሁኔታ የሚያስረዳ የመጀመሪያውን ዘገባ ሲያወጣ፣ ይህ ጉዳይ የቡና ብቻ ሳይሆን የጽዱም፣ የዝግባውም፣ የወይራውም እንደ ሆነ አሳይቷል።

ለትምህርት ቤት የቀረበ ሥራ

በየክረምቱ በየትምህርት ቤቱ ችግኝ ይተከላል። የተተከለውም በቍጥር ተመዝግቦ ለበላይ ክፍል ይቀርባል። ዘሩ ከየት ተለቀመ የሚለው ጥያቄ ግን ብዙ ጊዜ በመዝገቡ ውስጥ ስፍራ የለውም። ከግቢው በር አጠገብ ከቆመ ከአንድ ጽድ ወይም ከአንድ ዋንዛ የተለቀመ ዘር አንድ ሺህ ችግኝ ሊሰጥ ይችላል፤ አንድ ሺሁ ግን የአንድ እናት ልጆች ናቸው። የዘር ባለሞያዎች የሚመክሩት ዘሩ ቢያንስ ከሠላሳ እናት ዛፎች እንዲለቀም፣ እነርሱም እርስ በርሳቸው አንድ መቶ ሜትር ያህል የሚራራቁ እንዲሆኑ ነው። ይህ ገንዘብ የሚጠይቅ አይደለም፤ ጥቂት የእግር መንገድና አንድ ደብተር ይበቃዋል። ተማሪዎች ዘሩ የተለቀመበትን ስፍራ፣ ቀኑንና የእናት ዛፎቹን ቍጥር እንዲጽፉ ቢደረግ፣ የዕፀዋትን ትምህርት ከመጽሐፍ ብቻ ሳይሆን ከምድሪቱም ይማሩታል። በቡና አገር ያለ ትምህርት ቤት ደግሞ ሽማግሌዎች ለየቡናው ዓይነት ያወጡትን ስምና የሚያውቁለትን ጠባይ መዝግቦ ቢያኖር፣ ተመራማሪው በኋላ የሚፈልገውን ዕውቀት ከወዲሁ አዳነለት ማለት ነው።

የታሪክ ትምህርት አብዛኛውን ጊዜ ስለ ሆነው ነገር ይናገራል፤ ስለ ጠፋው ነገር መናገር ግን ከባድ ነው። በ1974 በመቱ አካባቢ ባለሞያዎች ምልክት ያደረጉባቸው ዛፎች፣ አንድ ዓመት ቀደም ብሎ ማንም ከሌሎቹ ለይቶ የማያውቃቸው ነበሩ። ስም አልነበራቸውም፤ ቍጥርም አልነበራቸውም። በ1973 ያ መሬት ለእርሻ ተመንጥሮ ቢሆን ኖሮ ዛፎቹ ከሌላው ጋር ተቈርጠው ለማገዶ በሆኑ ነበር፤ ምን እንደ ጠፋም የሚያውቅ ሰው ባልተገኘ ነበር።